የመኝታ ቤቱ ወርድ

«ያዝ እንጂ ወንድሜ፣ ሜትሩ እኮ አይናከስም!»

መጋረጃ ሰፊዋ የሜትሩን አንድ ጫፍ ለደላላው አስይዛ፣ ሌላውን እየጎተተች ወደ ማዶው ግድግዳ ሄደች። ልኩ ውሉ ላይ እንደተጻፈው ነው፤ ጣት እንኳ አልጎደለም። ደላላው ጥርሱን ገለጠ።

«ይኸው! የታለ የጠበበው? ቤቱ እንደ ውሉ ከሆነ ደግሞ፣ ውል ያፈረሰ ገዢ ቀብዱን ይተዋል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ የፈረምሽበት ወረቀት ነው።»

ሻጩ ሽማግሌ ጨለም ካለው ኮሪደር ላይ ቆመው ያዩዋቸዋል።

ቀብዱ ዕድሜዋ ነው። የሰው መስኮት ስታለብስ ኖራ ያጠራቀመችው፣ እናቷን ከወንድሟ ሳሎን፣ ከዚያ ከጎበጠ ሶፋ ላይ ልታነሳበት የነበረ። ግን መጋረጃ ልትለካ ብቻዋን በመጣች ቁጥር ይህ ክፍል ጠቦ ይጠብቃታል። መጀመሪያ ሜትሯን ጠረጠረች፤ ቀጥላ ዓይኗን፤ በመጨረሻ ጤንነቷን። በልክ ግን ተሳስታ አታውቅም፤ የምትኖረው በሱ ነው።

በውሉ ልክ አስቆርጣ ያመጣችውን የመጋረጃ ዘንግ መሬት ላይ አጋደመችው። ጫፍና ጫፉ ሁለቱን ግድግዳዎች ነካ።

«አሁን ውጡልኝ። በሩንም ዝጉት።»

ደላላው እያጉረመረመ ወጣ። ሽማግሌው ግን እጀታውን እንደያዙ ዘገዩ።

«ብዙ አትቆዪ ልጄ» አሏት።

በሩ ተዘጋ። ከራሷ ትንፋሽ በቀር የሚሰማ የለም። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ ብላ ልትስቅ ስትል ያው ትንፋሿ ከግድግዳው ተመልሶ ጉንጯን ነካት። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ አላየችውም። ቅድም ሩቅ ነበር፣ አሁን ቅርብ ነው፣ በቃ። ዘንጉ መሃሉ ላይ ጎበጠ። እግሯ ውጪ ውጪ እያላት እንደምንም ቆማ እናቷን አሰበች፤ እሷ ሱቅ ስትውል ቀኑን ሙሉ እዚህ ብቻዋን ልትተኛ የነበረችውን እናቷን።

ዘንጉ ቋ ብሎ ተሰበረ።

ደላላው በሩን በርግዶ ገባ። ክፍሉ እንደ ውሉ ሰፊ ነው። መሬቱ ላይ ግን ከቆመችበት ራቅ ብሎ ማንም ያልነካው ዘንግ ለሁለት ተሰብሮ ወድቋል። ያ ምላሱ የማያርፍ ሰውዬ ስብራቱን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ይስጧት ጋሼ» አለ። «ቀብዷን ይስጧት። የኔም ኮሚሽን ይቅር።»

ሽማግሌው አልተከራከሩም። ገንዘቡን ሳይነኩት አስቀምጠውት ኖሯል፤ እሷው ባሰረችበት ላስቲክ እንደታሰረ መለሱላትና እስከ ውጪው በር ሸኟቸው።

«ባለቤቴ እያለች ሰፊ ነበር» አሉ። «ልጆቹም እያሉ። ሰው ካለበት እኮ ደህና ቤት ነው። እስቲ ትንሽ እንኳ ተቀመጡ፣ ሻይ ላፍላላችሁ።»

ደላላው ቀጠሮ አለብኝ ብሎ መንገዱን ተሻግሯል። እሷ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተመለሰች፤ ቢሆንም ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ «እናቴ ትጠብቀኛለች አባባ» አለች።

«እሺ ልጄ።»

ዞረው ወደ ቤት ሲያዘግሙ ፀሐዩ አረፈባቸው። የጥቁር ኮታቸው ሁለት ትከሻዎች፣ ግራውም ቀኙም፣ እስከ ክርናቸው ድረስ በግድግዳ ኖራ ነጥተዋል።