የዘይቱ ልክ

ውሃ ላይ በሚበቅል ደቃቅ አልጌ ውስጥ ያለውን ዘይት የምትለካው የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ አንድ ቀን ናሙናው ከእጇ ፈሰሰባትና ያልመዘነችውን ቁጥር ከራሷ ፈጥራ ጻፈች። ያንኑ አልጌ አድርቆ፣ ዘይቱን በኬሚካል አውጥቶ በትክክል የመዘነው ባልደረባዋ፣ ቁጥሩ ከእሷ ጋር ስላልገጠመ "አጭበርባሪ" ተብሎ ተባረረ። እሷ ትንፍሽ አላለችም። በወሩ ሲሞት ቀብሩ ላይ ቆማ አለቀሰች።

ዛሬ ጠዋት ግን አላስችል አላትና፣ ሟቹን የማታውቀው አዲሷ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

"ዶክተር፣ ያ ቁጥር እኮ የኔ ፈጠራ ነው።"

"ምን ነካሽ?" ብላ ሳቀች አለቃዋ። "አሁን አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ቀጭን ሰውዬ መጥቶ፣ 'እሷ ልክ ናት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ' ብሎ ፈርሞልሽ ወጣ። በር ላይ አልተላለፋችሁም?"

ወረቀቱን ተቀበለች። ፊርማው የሟቹ ባልደረባዋ ነበር። አውራ ጣቷን ብታሳርፍበት፣ እርጥቡ ቀለም ጣቷ ላይ ወጣ።