ካውያው ሲቆም

አጭር ልቦለድ መጻፍ ገና የጀመረው ሾፌር አዲሷን ድርሰቱን ለሚስቱ አቀበላትና ዓይኑን ካውያዋ ላይ ተከለ። እሷ በአንድ እጇ ወረቀቱን ይዛ፣ በሌላው ነጭ ሸሚዙን ትተኩስ ነበር። እስከዛሬ የሰጣትን ሁሉ ካውያው ለአፍታ ሳይቆም ጨርሳ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው "ጎበዝ፣ በርታ" ብላ መልሳለታለች።

ገጹ አጋማሽ ላይ ካውያው ሸሚዙ ደረት ላይ ቀጥ አለ። ሚስቱ ከንፈሯን ነክሳ ማንበቧን ቀጠለች። ከካውያው ሥር ቀጭን ጭስ ሲወጣ ሾፌሩ አየ፤ እጁን ሊዘረጋ አለና ተወው።

የነቃችው የመጨረሻዋን መስመር ስትጨርስ ነው። "ወይ ጉዴ! አንድ ለእናቱ ሸሚዝህን አነደድኩት! አጠገቤ ቆመህ ዝም ትለኛለህ?"

"እስክትጨርሺ ብዬ ነው።"

ከዚያ "እግዜር ይስጥልኝ" አላትና፣ ደረቱ ላይ የካውያ ቅርጽ የታተመበትን ሸሚዝ ገና ሳይበርድ ለበሰው።