የመርዋ ታካሚ

መርዋ የሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳ ለክረምቱ ጎንደር ስትመጣ፣ ከሰፈሩ ጤነኛ ሰው አጣች። አጎቷ ስሜቱ ተቃውሷል። የባጃጁ ሾፌር ሱሰኛ ነው። ድመቷ እንኳ ጭንቀት ይዟታል።

«በእኔስ ምን አገኘሽብኝ?» አለቻት እናቷ ዙበይዳ።

«መካድ። አባዬ ከሞተ ወዲህ ሐዘንሽን ውጠሽ፣ ደህና መስለሽ ትኖሪያለሽ።»

«ሸጋ» አለች ዙበይዳና ጨርቋን መለካት ቀጠለች።

ሁነኛ በሽተኛ የተገኘው ፒያሳ፣ እዚያው የእናቷ ጨርቅ ቤት ነው። ከማዶ ሰዓት የሚጠግነው ዐብዱልከሪም እግሩ ደጃፉን ሲረግጥ ያልበዋል፤ ይንተባተባል፤ ያስቆረጠውን ጨርቅ ሳይወስድ ይወጣል። መርዋ ወዲያው ፈረደች፦ ሶሻል ፎቢያ፣ ሰው የመፍራት ሕመም።

«ምነው ሰውየውን ብትተዪው?» አለች ዙበይዳ። «ማፈርም በሽታ ሆነ?»

«እማዬ፣ ሙያዬ ነው።»

«ላክምዎ» ስትለው ዐብዱልከሪም ሳያንገራግር እሺ አለ። ሕክምናው ሰውን ከሚፈራው ነገር ጋር በጥቂት በጥቂቱ ማላመድ ነው። ዐብዱልከሪም መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል። ከዚያ ይገባል። ከዚያ ዱካ ላይ ተቀምጦ ስለ ዝናቡ ያወራል። ለልምምዱ ሰው ስላስፈለገ፣ መርዋ እናቷን ፊት ለፊቱ አስቀመጠቻት። ራሷ ከጎን ቆማ ታርማለች።

«መሬት መሬት አይዩ፣ ጋሼ። ዓይኗን እያዩ ያናግሯት። ይተንፍሱ።»

ነሐሴ ሲጋመስ ሰውየው ላቡ ደረቀ፤ ምላሱም ተፈታ። አንድ ቀን የመርዋን እጅ በሁለት እጁ ይዞ «ሕይወቴን ነው የቀየርሽልኝ» አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

መርዋ ደነገጠች። መምህሯ አስጠንቅቋቸዋል፤ ታካሚ አንዳንዴ ያዳነውን ሰው ይወዳል።

«እማዬ፣ ጋሼ ዐብዱልከሪም ወዶኛል መሰለኝ።»

ዙበይዳ መቀሷን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ ሐዘኗ ወጣላት፣ አለች መርዋ በልቧ።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሽማግሎች ቤት መጡ። የዐብዱልከሪም ታላቅ ወንድም ሐጂ ዐብደላ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ዐብዱልከሪም ልኮን ነው» ብለው ሲጀምሩ፣ መርዋ አላስጨረሰቻቸውም።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋሼን አከብራቸዋለሁ፤ ላገባቸው ግን አልችልም። ይህ ስሜት ከሕክምናው የመጣ ነው፣ ያልፋል። እንዳይጎዱ ቀስ ብላችሁ ንገሩልኝ።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። አንደኛው ሳቁን ዋጠ።

«እንነግረዋለን፣ ልጄ» አሉ ሐጂ ዐብደላ በለሆሳስ፤ «እኛስ የመጣነው እናትሽ ‹ልጄ ከፈቀደች አገባዋለሁ› ስላለችን ነበር።»