ያልተለበሰው የሰርግ ቀሚስ

ቅርስ ወደ ውጭ የላከ ሰው ቅርሱ እስኪመለስ ከአገር እንዳይወጣ ከተደነገገ ወዲህ፣ በጉምሩኩ ደጅ ሰልፍ የለም። ወይዘሮ ዘይቱና ግን የእናታቸውን የአንገት ጠገራ ብሮች ይዘው ቀረቡ። ልጃቸው ረምላ ኢስታንቡል ስትዳር እንድታጌጥባቸው ነበር።

«እናቴ፣ ብሮቹ ከሄዱ እርስዎ ይቀራሉ። ሰርጉን አያዩትም» አላቸው ሠራተኛው።

«የአያቷ ብር አንገቷ ላይ ከሌለ፣ እዚያ ባዳ አገር ማን ዘመድ አላት ይላታል?» ብለው አውራ ጣታቸውን የአሻራ ማሽኑ ላይ ጫኑ። ከአገር መውጣት እንደሚችሉ የሚያሳየው የፓስፖርታቸው መብራት ወዲያው ጠፋ።

ስለ ሕጉ ያልሰማችው ረምላ፣ ብሮቹ እንደደረሷት በደስታ ደወለች። «እማ፣ ለሰርጉ ምን ቀለም ትለብሻለሽ?»

ያሰፉትን ቀሚስ ለጎረቤታቸው ሰጥተውት ነበር።

«አረንጓዴ፣ ልጄ» አሏት።