ያልተዘጋ ትእዛዝ

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጆሮ ግን አለኝ። በዚህ ዘመን ቤት በቃል ሲያዙት የሚታዘዘው የከፈቱትን ነገር ሁሉ በሙሉ ስሙ ጠርተው ሲዘጉለት ነው። አንዷ የመዝጊያ ቃል ከተረሳች ደንቆሮ ሆኖ ይቀመጣል። ፕሮግራም ጸሐፊዋ የልጅ ልጄ ህሊና እንኳ ይህን የትእዛዝ ቋንቋ ቀኑን ሙሉ ስትረግም ትውላለች።

ትናንት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ያለጊዜው የተወለደው ልጇ የተኛበት ማሞቂያ አልጋ ቀዝቅዞ ቀረ። ሐኪሞች ከአልጋው እንዳይነሳ ከልክለዋል። ከንፈሩ መጥቆር ጀመረ።

«አልጋ ይከፈት! ሙቀት ይከፈት! ይጨመር! አልጋ ይዘጋ!» ብላ ጮኸች።

«ሙቀት አልተዘጋም» አላት ቤቱ።

«ለአንዲት ሙቀት ይህ ሁሉ ልፍለፋ! ይህን ቋንቋ ያወጣ እጁ ይሰበር!»

«እርግማኑን ተይና ልጅሽን አድኚ!» አልኳት።

ትንፋሿን ሰብስባ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው በዝግታ ጀመረች። «አልጋ ይከፈት። ሙቀት ይከፈት። ይጨመር። ሙቀት ይዘጋ። አልጋ ይዘጋ።»

በስመአብ! ባዶ አየር ላይ በተነገረ ቃል አልጋው ሞቀ። የሕፃኑ ከንፈር ዓይኔ እያየ ቀላ። እንዲህ ያለውን ከእግዜር በቀር የሚያደርግ አለ ብዬ አላውቅም ነበር።

ህሊና ጎንበስ ብላ «መሳም ይከፈት» አለችና ግንባሩን ሳመችው። ልማድ ሆኖባታል፤ መናገሯንም አላወቀችም። ቀና ብላ «መሳም» ስትል አፏን በመዳፌ ከደንኩት።

«ይሄን እንኳ አትዝጊው፣ አንቺ ጅል!»

በመዳፌ ውስጥ ሳቀች፤ እንባዋ በጣቶቼ መሃል ወረደ። ቤቱ መዝጊያውን እየጠበቀ ጸጥ አለ።

«ይጠብቅ!» አልኩ።