ምንጭ ያልተጠቀሰለት ሞት

የፍሬሕይወት ረቂቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ውድቅ ሲሆን እሷ ቡሬ ከተማ ውስጥ፣ በምትሠራበት የሕንፃ መሣሪያ መደብር፣ ሚስማር እየመዘነች ነበር። ስልኳ ላይ የመጣው መልእክት አጭር ነው። «ጽሑፉ ተቀባይነት አላገኘም። ቋንቋው ውዳሴ ነው፤ ምንጮቹ ደካማ ናቸው።» ከሥሩ የገምጋሚው ስም አለ፤ ቴዎፍሎስ።

ረቂቁ በጎ ፈቃደኞች በኢንተርኔት ለሚያዘጋጁት የአማርኛ ኢንሳይክሎፒዲያ የተላከ ነው፤ የተጻፈውም ስለ አባቷ ስለ ንብረት ነው። ንብረት በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ደመኞችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነበር። እሷ ገና ድክ ድክ ስትል፣ በክረምት፣ ከዕርቅ ሲመለስ ከድልድይ ሥር ሞቶ ተገኘ። አገሩ «ሰክሮ ወደቀ» አለ። እናቷ እታለም ይህን ቃል እየሰማች አረጀች። የፍሬሕይወት ምኞት አንድ ነው፤ እናቷ ዓይኗን ሳትከድን ያ ወሬ ከአባቷ ስም ላይ እንዲነሳ፣ ማንም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ እውነቱ እንዲጻፍ።

በምንጭነት የጠቀሰችው በልቅሶው ላይ የወረደውን ሙሾ ነበር፦

የሁለት አገር ጠብ በምክሩ ያበረደ፣
በዚያ በዝናቡ ወዴት ነው የወረደ?

«አልቃሽ የማታመሰግነው ሙት የለም» ሲል ጻፈላት ቴዎፍሎስ። «ሙሾ ማስረጃ አይሆንም። ደግሞም ከሟቹ ጋር ዝምድና ካለዎት ያሳውቁ። ቤተሰብ የጻፈውን እንደ ገለልተኛ ጽሑፍ አናየውም።»

ዝምድና የለኝም ብላ መለሰች። የምትጽፈው በብዕር ስም ነው። ከረቂቁም «አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው» የሚለውን አወጣችው።

የመደብሩ ባለቤት ዓፊፋ ነገሩን ሰምታ ሳቀች።

«አንቺ ቆርቆሮ ስትሸጪ ‹ይህ ጀግና ቆርቆሮ ነው› ትያለሽ?»

«አልልም፣ እትዬ።»

«ምን ትያለሽ?»

«ውፍረቱ ሠላሳ ሁለት ጌጅ ነው እላለሁ።»

«በቃ። የአባትሽንም ጌጁን ተናገሪ። ማመስገኑን ለገዢው ተይለት።»

ፍሬሕይወት «ታላቁ»ን፣ «አንደበተ ርቱዑ»ን፣ «አቻ የማይገኝለት»ን ሰረዘች። በሙሾው ፋንታ ወዳጆቹ ለተዝካሩ ያሳተሙትን መጽሔት ጠቀሰች። ረቂቁ እንደገና ተመለሰ። «ወዳጅ የጻፈው ገለልተኛ አይደለም። ‹የድንጋይ ድልድይ› የሚለውም ይታረም። ድንጋዩ የተሠራው በኋላ ነው፤ ያኔ የነበረው የእንጨት ነው፤ በስተግራውም መደገፊያ አልነበረውም።»

ለማያውቀው ሰው ጽሑፍ ይህን ያህል መድከሙ አስገረማት። ድልድዩን አረመችና አመሰገነችው።

ሦስተኛውን ረቂቅ ስታሰናዳ አጎቷ ዘሚካኤል ከገጠር መጣ። ዓፊፋ ለሶላት ወጥታለች። ዘሚካኤል በሩን ገርበብ አድርጎ ከሲሚንቶው ክምር አጠገብ ቆመ። የአባቷን መሬት ከሞቱ በኋላ የያዘው እሱ ነው። ሬሳውንም ቀድሞ ያገኘው እሱ ነው።

«ስለ ወንድሜ ትጽፊያለሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሞቱንም?»

«ሞቱንም።»

«ሽምግልናውን ጻፊ። ሞቱ ይቅር።»

«ምን አለበት?»

ዘሚካኤል የቀለም ጣሳውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«የሚጠይቅሽ ሰው ማን ነው?»

«አላውቀውም። ገምጋሚ ነው።»

«የማታውቂውን ሰው ስለ አባትሽ ሞት ታጫውቺዋለሽ?»

«እርስዎ የሚያውቁትን ለምን አይነግሩኝም?»

«የነገርኳችሁ ይበቃል። ወዲያው ነው ያለፈ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። የተዳፈነ እሳት አትቆስቁሺ፣ ልጄ።» በሩን ከፍቶ ወጣ።

ፍሬሕይወት ሚዛኑ ላይ የነበረውን ሚስማር ረስታው ቆመች። ሞቶ አገኘሁት ያለ ሰው፣ አለመናገሩን በምን አወቀ?

ማታውኑ ለእናቷ ነገረቻት።

«በልቅሶው ጊዜ ዘሚካኤል ዓይኔን ማየት ፈርቶ ነበር» አለች እታለም። «ኀዘን መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ፍሬሕይወት ወደ ኋላ አላለችም። ስለ ደም ዕርቅ የተሠራ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጥናት አገኘች፤ አጥኚው አባቷንም ቤተሰቡንም አያውቅም። ንብረት ያስታረቃቸው ወገኖች በየስማቸው ሰፍረውበታል። ሞቱን የዘገበ የዚያን ዘመን ጋዜጣም ተገኘ። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም የመጠጥ ምልክት አላየሁም፣ የራስ ቅሉን የሰበረው ግን መውደቅ ሳይሆን ዱላ ነው ብሎ ነበር። ነገሩ ገዳይ ሳይገኝለት ተዘግቷል።

ረቂቁን እንደ ጌጅ ቁጥር ደረቅ አድርጋ ጻፈችው። መጨረሻው ላይ ግን ሆን ብላ የአጎቷን ቃል አስገባች፤ «ምንም ሳይናገር ሞተ።» ገምጋሚው ይህን ያለው ማን ነው ብሎ እንደሚጠይቃት እርግጠኛ ናት። ያን ጊዜ የዘሚካኤልን ስም በግልጽ ትጽፋለች።

መልሱ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ። እታለም አጠገቧ ተቀምጣለች።

«ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

«‹ጽሑፉ ተቀባይነት አግኝቷል› ይላል፣ እማ።»

እታለም ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። «ስካሩስ?»

«‹ቋንቋው ንጹሕ ነው። ምንጮቹ ገለልተኛ ናቸው። የስካሩ ወሬ በሐኪሙ ቃል ውድቅ መሆኑ በትክክል ተመልክቷል።›»

«ተመስገን። ይኸው ነው?»

«አንድ ዓረፍተ ነገር አውጥቻለሁ ይላል።» ፍሬሕይወት የቀረውን ማንበብ ጀመረች፤ ከመሐል በኋላ ያለውን ግን በዓይኗ ብቻ ጨረሰችው።

«‹ምንም ሳይናገር ሞተ› የሚለው ምንጭ የለውም፤ ትክክልም አይደለም፤ ‹ፍሬሕይወት› እያለ ይጣራ ነበር።»