በእጅ አንጓ የተለካ

የኮሌጁ ነርስ ሲስተር አዩማ የሙቀት መዝገቡን ከመጨረሻው ገጽ ወደ ኋላ ታገላብጣለች፤ ጣቷ በየቁጥሩ ላይ ይቆማል። ሠላሳ አምስት ነጥብ አንድ። ሠላሳ አራት ነጥብ ዘጠኝ። ሠላሳ አምስት። ትናንትም እንዲሁ ነው፣ ከትናንት በስቲያም። በወረርሽኙ የተዘጋው ኮሌጅ ዳግም ከተከፈተ ወዲህ ዘጠኙንም ቀን እንዲሁ ነው። በየገጹ ግርጌ የራሷ ፊርማ አለ።

እስከ ዛሬ ዓይኗ ሲፈልግ የኖረው ከፍ ያለ ቁጥር ነው፤ ዝቅ ያለውን ማን ይፈራል? የአንድ ሰው ቢሆን ማሽኑ ስቶ ነው ይባል ነበር። ሦስት መቶ ሰው ግን በአንድነት አይቀዘቅዝም።

መዝገቡን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ከዘበኛው ክፍል ወጣች። በካካሜጋ ከተማ ካፊያው ገና አላባራም። ተማሪዎቹ ከከተማ በቦዳቦዳ ሞተር እየመጡ፣ በኖራ በተሰመረላቸው ምልክት ላይ ተራርቀው ተሰልፈዋል። ከፈተናው አዳራሽ የወንበር መጎተት ድምፅ ይሰማል። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው።

ትልቅ ትንሹ «ምዜ»፣ አባባ፣ የሚላቸው የበሩ ዘበኛ፣ ሽማግሌው ማኮካ፣ ሽጉጥ የመሰለችውን ነጭ የሙቀት መለኪያ ይዘው ቆመዋል። ከሞተር የወረደች አንዲት ልጅ ሳትጠየቅ እጅጌዋን ሰብስባ የእጇን አንጓ ዘረጋችላቸው።

«ምዜ፣ ስንት አመጣሁ?»

«ሠላሳ አምስት።»

«ከመቶ? በቃ፣ ፈተናውም እንዲሁ ነው የሚሆነው!»

«ሂጂ ወዲያ! ሳታጠኚ አድረሽ በእኔ ማሽን አታሳብቢ።»

ልጅቷ እየሳቀች ወደ አዳራሹ ሮጠች። አዩማ አልሳቀችም።

«ምዜ፣ እኔ ግንባር ላይ ነው ያልኩዎት።»

«ብለሻል።»

«ታዲያ?»

ማኮካ ሰልፉን ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በዚያ በምርጫው ብጥብጥ ጊዜ፣ ሲስተር፣ ታጣቂዎች እዚህ ጋ ሽጉጥ ደግነውብኝ ነበር።» በጣታቸው ግንባራቸውን ነካ አደረጉ። «መታወቂያዬን አንብበው እስኪጨርሱ። እነሱም ማንበብ የሚችሉ አልነበሩ፤ ስንት ሰዓት ፈጀባቸው መሰለሽ! ታዲያ እኔ የሰው ልጅ ላይ በጠዋቱ ‹እንዴት አደርክ› እያልኩ እደግናለሁ? እጅ ሲሆን እንደ ሰላምታ ነው። መጨባበጡንም ከልክላችሁናል።»

መለኪያውን ተቀበለቻቸውና በብርድ የደነዘዘ የራሷን አንጓ ለካች። ሠላሳ አራት ነጥብ ስምንት። ግንባሯን ለካች። ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት።

አንድ ነጥብ ሰባት። በዚህች ልዩነት ውስጥ ስንት ትኩሳት ሾልኮ ገባ?

መዝገቡን አየች፤ ዛሬ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ገብቷል። ሁሉንም ከአዳራሹ አስወጥታ እንደገና ብትለካ፣ ለአንድ ሰው ስምንት ሴኮንድ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያን ያህል ፈተናው ይዘገያል፤ ይዘግይ። የሚያስፈራት ሌላ ነው። ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ ተናግረዋል፤ አንድ ሰው ታሞ ከተገኘ ኮሌጁ ይዘጋል፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችም መመረቂያቸው ለከርሞ ይሻገራል። ካልተገኘ ደግሞ... ባለፈው የወረርሽኙ ዙር የኬሚስትሪው መምህር ለሦስት ቀን «ጉንፋን ነው» ሲሉ ሰነበቱ፤ በአራተኛው አረፉ። የላብራቶሪው ቁልፍ እስከ ዛሬ ከቤታቸው አልመጣም፤ ባለቤታቸውን ሄዶ ቁልፉን ለመጠየቅ የደፈረ የለም።

«ከአሁን በኋላ ግንባር ላይ እኔ እለካለሁ» አለች። «እርስዎ ይጻፉልኝ።»

«እሺ፣ እንዳልሽ።» ማኮካ መዝገቡን ሊቀበሏት እጃቸውን ሲዘረጉ ጣቶቻቸው መዳፏን ነኩ።

ሞቃት ናቸው።

አዩማ ቀና ብላ አየቻቸው። ሽማግሌው ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ካፊያ ላይ ናቸው፤ ጓንት የላቸውም። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። አሁን ነው ያስተዋለችው፤ ሁልጊዜ ቆመው የሚጠብቁት ሰው ዛሬ የበሩን ምሰሶ ተደግፈዋል።

«ምዜ፣ እርስዎን ማን ይለካዎታል?»

«እኔን?» ሳቁ፤ ሳቁ መጨረሻው ላይ ሳል ሆነባቸውና ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። «እኔማ ለኪው ነኝ።»

«እስቲ እጅዎን።»

እንደ ተማሪዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዘረጉላት። መለኪያው ጮኸ።

«ስንት ይላል?»

«ሠላሳ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ።»

«አላልኩሽም? ደህና ነኝ።»

በዘጠኝ ቀን መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር አንድም የለም። አዩማ አንድ ነጥብ ሰባቱን ደመረችበት፤ ሳትፈልግ ነው የደመረችው። ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስድስት። ዛሬ ብቻ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው፣ እያንዳንዱ በክንድ ርቀት፣ «እንዴት አደርክ» እየተባለ።

ሽማግሌው ፊቷን አዩ። የዘበኛ ዓይን ነው፤ ሰው ሳይናገር ያነባል። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ወደ አዳራሹ ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር ያዙ። ሽበታቸው ላይ ካፊያው ያርፍ ጀመር።

«በይ፣ ግንባሬ ላይ አድርጊው» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መለኪያውን አነሳች። ከሽማግሌው ትከሻ በላይ ሰልፉ ይታያታል። ከፊት የቆመው ልጅ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያጠናውን ይከልሳል፤ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የእጁን አንጓ ዘርግቶ፣ ተራውን ይጠብቃል። ከኋላውም ያለችው ዘርግታለች። ከእሷም ኋላ ያለው።